የተኛ ታካሚ ሁሉ ደህና ነው? ነርሶች፣ እንቅልፍና አንድ ቁጥር

ከቦዲቲ ወይም ከአረካ ታካሚ ይዞ ሶዶ የመጣ ቤተሰብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ይታወቃል፦ «እንዴት አደረ?» ነርሷ «ተኝቷል» ካለች ሁሉም እፎይ ይላል። ያው ለእኛ እንቅልፍ ማለት እረፍት ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ (ቬንቲሌተር) ለሚተነፍስ ሰው ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ሕክምናው ራሱ ይህን ለመረዳት ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዴንማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገንን ፖሊዮ አጥለቅልቋት ነበር። በብሌግዳም ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በጊዜው መሣሪያ ትንፋሻቸው ከታገዘ 31 ሰዎች 27ቱ ሞቱ። የሰመመን ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ ገብቶላት፣ አየር በእጁ ሊገፋላት ሞከረ። ልጅቷ ታገለችው፤ አየሩ አልገባ አለ። ኢብሰን ያኔ ፔንቶታል የሚባል የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጣት። ትግሉ ቆመ፤ የራሷ ትንፋሽም አብሮ ቆመ። አሁን ግን ከረጢቱን ሲጨምቅ አየሩ ሳንባዋን ሞላው። ተረፈች። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየገቡ፣ ቀንና ሌሊት ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ለሌሎች ታማሚዎች ተነፈሱ።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ማረጋጊያው መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮት አለ።

ቀጥለው የመጡት ማሽኖች አየር የሚገፉት በራሳቸው ምት ነበር፤ ታካሚው መቼ መተንፈስ እንደፈለገ ብዙም አይሰሙም። በእኛ በኢንጂነሮች ዓይን ሲታይ፣ ማሽኑ ከሰው ጋር አልስማማ ሲል ሰውየውን ከማሽኑ ጋር አስማሙት ማለት ነው፤ በጥልቅ እንቅልፍ። ኋላ ማሽኖቹ ተሻሻሉ፣ ልማዱ ግን ቀረ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፦ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ከማሽኑ መላቀቅ ይዘገያል፣ ታካሚው የት እንዳመመውም መናገር አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ከሴንት ሉዊስ አሜሪካ አንድ ጥናት ወጣ። 321 ታካሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ቡድን ነርሶቹ በጽሑፍ የተቀመጠ መመሪያ ይዘው፣ ሐኪም እስኪመጣ ሳይጠብቁ መድኃኒቱን ራሳቸው ጨመሩ፣ ቀነሱ። ማሽን ላይ የተቆየበት ጊዜ በአማካይ ከ124 ሰዓት ወደ 89 ወረደ። በዓመቱ ደግሞ ከቺካጎ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ አቁሞ ታካሚውን መቀስቀስ ቆይታውን ከ7.3 ወደ 4.9 ቀን እንዳወረደው ተዘገበ። ሁለተኛው የበለጠ ዝነኛ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የመጀመሪያው ነው። አዲስ ማሽን አልተገዛም፣ አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። የተለወጠው ነርሷ የምትሠራው ሥራ ነው።

ለመጨመርና ለመቀነስ ግን መለካት ያስፈልጋል። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ልኬት በሪችመንድ ቨርጂኒያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ነው። +4 ማለት ታካሚው ይማታል፤ 0 ነቅቶ ተረጋግቷል፤ -5 ድምፅም ንክኪም አይቀሰቅሰውም። ነርሷ መጀመሪያ ዝም ብላ ታያለች። ካልነቃ ስሙን ጠርታ ዓይኑን እንዲገልጥና እንዲያያት ትነግረዋለች። ከ10 ሰከንድ በላይ ካያት -1፣ ከዚያ ካነሰ -2። ዓይኑን ገልጦ ካላያት -3። በቃ፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ኢንፊውዥን ፓምፕ በሌለበትም ጠብታው በሰዓት እየተቆጠረ መጠኑ ይስተካከላል፤ በተለመደው የጉሉኮስ ቱቦ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። መሣሪያ ጥቂት በሆነበት አገር ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ የተለቀቀ ማሽን ለሚቀጥለው ታካሚ ይደርሳል።

ስለዚህ በሥልጠና ላይ ሁለት ነርሶች አንዱን ታካሚ ለየብቻ አይተው ቁጥራቸውን ያስተያያሉ። ካልተገጣጠመ ለምን ብለው ይነጋገራሉ።

ሰው ብዙ የማያነሳት አንዲት ነገር አለች። «ዓይንሽን ግለጪና እዪኝ» የሚባለው በምን ቋንቋ ነው? ሶዶ ላይ የተኙት እናት የሚሰሙት ወላይትኛ ብቻ ቢሆንና ነርሱ በአማርኛ ቢጠራቸው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያ ጣሪያውን ሊያዩ ይችላሉ። ቅጹ ላይ -3 ይጻፋል፤ መድኃኒቱ በዝቷል ተብሎም ይቀነሳል። እሳቸው ግን ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ እንዳለ ያውቃሉ፤ ያልገባቸው ምን እንደተባሉ ነው።