ቁጥሩን ማን አሳነሰው?

በማኅበራችን የወሩ ሒሳብ ሲቀርብ አንድ ቁጥር ቀንሶ ካገኘን «ምን ሆኖ ቀነሰ?» ብለን ሳንጠይቅ አናልፍም። በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ እናቶችና አያቶችም ስለ ሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ አንስተው ነበር። ታሪካቸው ለእኛም ትምህርት ስላለው በአጭሩ አቅርበነዋል።

ዳየት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በከተማዋ ደቡብ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት በሚኖሩበት ብሮንዝቪል አካባቢ ነው። የተሰየመው ናት ኪንግ ኮልን ጨምሮ ብዙ ሙዚቀኞችን ባፈሩት መምህር በዋልተር ዳየት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ የተማሪዎቹ ውጤት ዝቅተኛ ነው በሚል ትምህርት ቤቱ ደረጃ በደረጃ እንዲዘጋ ወሰነ። አዲስ የ9ኛ ክፍል ተማሪ መቀበል ቀረ። በዓመቱ ደግሞ ከተማዋ ወደ 50 የሚጠጉ ሌሎች ትምህርት ቤቶችን ዘጋች።

በዳየት አንዱ ክፍል ተመርቆ ሲወጣ የሚተካው አልነበረም። በ2015 የመጨረሻዎቹ ተመራቂዎች 13 ብቻ ነበሩ። ለ13 ተማሪ ትምህርት ቤት ክፍት ይሁን ብሎ መከራከር ከባድ ነው። ቁጥሩን እዚያ ያደረሰው ግን ራሱ የመዝጋቱ ውሳኔ ነበር።

ነዋሪዎቹ «አይዘጋ» ብለው ብቻ አልቆሙም። ከመምህራንና ከዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጋር ሆነው ትምህርት ቤቱ በአመራርና በአረንጓዴ ቴክኖሎጂ ላይ እንዲያተኩር የሚያደርግ ዕቅድ አዘጋጅተው አቀረቡ። ውሳኔው ሲጓተትባቸው 12 ሰዎች ነሐሴ 17 ቀን 2015 የረሃብ አድማ ጀመሩ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ እናቶችና አያቶች ነበሩ። ፈሳሽ ብቻ እየወሰዱ ሰነበቱ፤ አቅም አጥተው ሆስፒታል የገቡም አሉ።

አድማው ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ባለሥልጣናቱ ትምህርት ቤቱ በኪነ ጥበብ ላይ አተኩሮ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንደሚቀጥል አስታወቁ። አድመኞቹ ግን ያቀረቡት ዕቅድ ስላልተወሰደ በጾማቸው ቀጥለው በ34ኛው ቀን አቆሙ። ዳየት በ2016 በሩን ከፍቶ አዲስ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ተቀበለ።

የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም፤ ትምህርት ቤቱ ግን ተረፈላቸው። እኛም በየሰፈራችን ስለ ትምህርት ቤትም ሆነ ስለ ጤና ጣቢያ «ተጠቃሚ የለውም፣ ይዘጋ» ሲባል ከመስማማታችን በፊት የመዝገቡን የኋላ ገጾች እናገላብጥ።