ከጉምሩክ በር እስከ ለጋሲዮን፤ ስለ አምባሳደርነት ሹመትና ሥራ

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን በመባል የሚታወቀው የገበያ ስፍራ ከባሕር ማዶ የመጣ ልብስ፣ ጫማና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ነው። ስሙን የሚጋራው ደሴት በሩቅ ምሥራቅ ይገኛል። በዚያ ደሴት ግን የኢትዮጵያ አምባሳደር የለም። ኢትዮጵያ በኅዳር 1963 ዓ.ም. ከቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ጋር የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስለ መሠረተች አምባሳደሯን የምትልከው ወደ ቤይጂንግ ነው። ዕቃ በሚደርስበት ሁሉ አምባሳደር አይደርስም፤ ነጋዴ ገበያ ባገኘበት ይሄዳል፣ አምባሳደር ግን የሚሄደው መንግሥት ለመንግሥት ዕውቅና በሰጠበት ብቻ ነው። በገበያው አጠገብ የሚማር ልጅ ይህን ልዩነት ቢጠይቅ፣ መምህሩ አምባሳደርነት ምን እንደ ሆነ ከሥሩ ለማስረዳት መልካም መነሻ ያገኛል።

በዛሬው ሥርዓት ኢትዮጵያን የሚወክሉ አምባሳደሮች የሚሾሙት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 መሠረት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚያቀርበው ሐሳብ በፕሬዚዳንቱ ነው። ከተሿሚዎቹ ከፊሎቹ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሦስተኛ ጸሐፊነት ጀምረው ደረጃ በደረጃ ያደጉ ናቸው፤ ሌሎቹ ከሌላ የመንግሥት ሥራ ወይም ከፖለቲካው መስክ በቀጥታ የሚመጡ ናቸው። ሹመቱ ግን በሀገር ውስጥ ውሳኔ ብቻ አይፈጸምም። በሚያዝያ 1953 ዓ.ም. የተፈረመው የቪየና ስምምነት እንደሚያዝዘው፣ ተቀባዩ መንግሥት አስቀድሞ ፈቃዱን መስጠት አለበት፤ እምቢ ቢልም ምክንያቱን የመግለጥ ግዴታ የለበትም። ከዚያ በኋላ ተሿሚው የሹመት ደብዳቤውን ይዞ ሄዶ ለአገሩ ርእሰ ብሔር ያቀርባል። ሥራውም መንግሥቱን መወከል፣ የዜጎቹን ጥቅም መጠበቅ፣ መደራደር፣ የተላከበትን አገር ሁኔታ በሕጋዊ መንገድ ተከታትሎ ማስታወቅ፣ ወዳጅነትንና ንግድን ማስፋፋት ነው። ተማሪዎች አብዝተው የሚሰሙት ስለ ያለመከሰስ መብት ነው፤ ይኸው ስምምነት ግን መብቱ ለሰውየው ጥቅም ሳይሆን ሥራው እንዲከናወን የተሰጠ መሆኑን በመግቢያው አስፍሯል።

ሥራው በተግባር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማየት ድሬዳዋ ገና ወዳልተቆረቆረችበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ፣ የሐረር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች መኰንን፣ ኋላ ራስ፣ በዳግማዊ ምኒልክ መልክተኝነት ወደ ኢጣሊያ ተላኩ። ውሉን የተዋዋለው አንቶኔሊ በጉዞው አብሯቸው ነበር። በመስከረም 1882 ዓ.ም. መልክተኛው ተጨማሪ ውል ፈረሙ፤ በዚህም ውል ከኢጣሊያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሲፈቀድ፣ የሐረር ጉምሩክ ገቢ መያዣ ሆነ። በማግሥቱ ወር፣ መኰንን ገና በኢጣሊያ ሳሉ፣ የኢጣሊያ መንግሥት የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ አማካይነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ሲነገር፣ በኢጣሊያንኛው ግን ይህ ግዴታ ተደርጎ ቀርቦ ነበር። ስለዚህም ኢትዮጵያ በኢጣሊያ ጥበቃ ሥር እንዳለች ተቆጠረች። ነገሩ በየካቲት 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦር ሜዳ እስኪፈታ ድረስ የሕዝብ ደም ጠየቀ። መኰንን ብልህና ታማኝ ሰው ነበሩ፤ ጉድለቱ የሳቸው የግል ጉድለት አልነበረም። መልክተኛውን የላከው መንግሥት የባዕዱን ቋንቋ ጽሑፍ ከራሱ ጽሑፍ ጋር አስተያይቶ የሚመረምር የራሱ ባለሙያ ሳይኖረው ነበር የላካቸው።

ከዚህ በኋላ ለውጭ አገር መልክተኝነት የሚፈለገው ሰው ፊደል የቆጠረ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ሆነ። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማይቱ የንግድና የጉምሩክ በር ሆነች። በጉምሩኩ ላይ የሚሾመው ነጋድራስ በየቀኑ ከባዕዳን ነጋዴዎች ጋር የሚነጋገር ሰው ነበረና፣ ሹመቱ ሳይታወቅ የዲፕሎማሲ መለማመጃ ሆነ ማለት ይቻላል። ከዚህ ሥራ ካለፉት አንዱ በኢጣሊያ የተማሩት፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የልብ ወለድ ታሪክ ደራሲ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ኋላም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆኑ። (በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ መልክተኞች ማዕረግ አምባሳደር ሳይሆን ሚኒስትር ወይም ጉዳይ ፈጻሚ፣ መሥሪያ ቤቱም ለጋሲዮን ነበር።)

ሁለት ሌሎች መልክተኞች ደግሞ የተገኙት ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ካለው ከጨርጨር ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እና ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በተለያየ ጊዜ የጨርጨር ገዥዎች ነበሩ። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ኢጣሊያ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ኢትዮጵያን የሚያዋርድ የክስ ጽሑፍ ባቀረበች ጊዜ፣ በዚያ የኢትዮጵያ ተወካይ እርሳቸው ነበሩ። ወርቅነህ ደግሞ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ሕፃን ሳሉ ወላጆቻቸውን አጥተው በእንግሊዝ መኰንኖች እጅ ወደ ሕንድ የተወሰዱ ናቸው። በዚያም ሐኪም ሆኑ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን እንደ ባዕድ እንደገና መማር ነበረባቸው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መርተዋል። ጦርነቱ ሲመጣ የለንደን ሚኒስትር ሆነው ለቀይ መስቀል ዕርዳታ ሲያሰባስቡና ለጋዜጦች ሲጽፉ ከረሙ።

እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ማየት ለትምህርት አዘጋጅ ይጠቅማል። ሦስቱም የውጭ ቋንቋ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ሦስቱም ለዲፕሎማሲ ተብሎ አልሠለጠኑም። የውጭው ትምህርት ሦስቱንም ለለጋሲዮን አበቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን በየሰውየው ልብ የተወሰነ ነው። አፈወርቅ በሮም የወከሉትን መንግሥት ትተው ለወራሪው አደሩ፤ በወረራው ዘመን አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ተቀበሉ፤ ከነጻነት በኋላም በጅማ በግዞት ሳሉ ሞቱ። ችሎታቸው ከሌሎቹ አያንስም ነበር፤ እንዲያውም አማርኛቸው ከወርቅነህ አማርኛ እጅግ ይልቅ ነበር። በልዩ ልዩ የመማሪያ መጻሕፍት አምባሳደርነት ቋንቋና ሥነ ሥርዓት በማወቅ ብቻ ሲተረጐም፣ ይህ የሚያስገርም ታሪክ ሳይጠቀስ ያልፋል።

የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ብንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። አባታቸው በለንደን የኢትዮጵያን ስም ሲጠሩ፣ እነርሱ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ዘመቱ። በ1929 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ሁለቱንም ገደሏቸው። አባትየው ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።