የቅዳሜ ከሰዓት ጉዞ፦ አማተር ፎቶግራፍ አንሺዎችና የእንግሊዝ ትንንሽ ከተሞች

በእንግሊዝ አገር ከ1880ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ልማድ ሥር ሰዶ ነበር። የፎቶግራፍ ማኅበራት አባላት ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ሞቃት የበጋ ወራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰባስበው፣ ካሜራቸውን ተሸክመው፣ በባቡር ወይም በብስክሌት በአቅራቢያቸው ወዳሉ ትንንሽ ከተሞችና መንደሮች ይሄዱ ነበር። የጉዞው ዓላማ ንጹሕ አየርና የጓደኛ ጨዋታ ነበር፤ ጥሩ ፎቶግራፍ ከተገኘም ደስታው እጥፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ የመዝናኛ ልማድ ከጊዜ በኋላ ማንም መንግሥት ያላዘዘውን ትልቅ የታሪክ መዝገብ አስገኘ።

ልማዱ እንዲጀመር በመጀመሪያ የካሜራው ሸክም መቅለል ነበረበት። ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ይፋ ከሆነ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ከከተማ ወጥቶ ፎቶ ማንሳት ዘመቻ የመውጣት ያህል ዝግጅት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ይፋ ያደረገው የእርጥብ ኮሎዲየን ዘዴ ጥርት ያለ ምስል ይሰጥ ነበር፤ ሆኖም መስታወቱ እዚያው ሥፍራው ላይ በኬሚካል ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ፎቶው ተነስቶ፣ ወዲያው መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ከካሜራው በተጨማሪ የጨለማ ድንኳን፣ የኬሚካል ጠርሙሶች፣ ውሃና ሳህኖች ይዞ ይንቀሳቀስ ነበር። ጋሪ ወይም የሚሸከምለት ሰው የሌለው አማተር ከግቢው ብዙም አይርቅም ነበር።

ይህን የለወጠው ደረቁ መስታወት ነው። ሪቻርድ ሊች ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1871 የብር ጨውን በጄላቲን ለውሶ መስታወት መቀባት እንደሚቻል አሳየ። ዘዴው በሌሎች ሰዎች እጅ ተሻሽሎ በ1870ዎቹ መጨረሻ ደረቅ መስታወት በፋብሪካ እየተመረተ በካርቶን ታሽጎ ይሸጥ ጀመር። ገዢው መስታወቱን ለብዙ ጊዜ አስቀምጦ መጠቀም፣ ፎቶውን ካነሳ በኋላም ቤቱ ተመልሶ በሚመቸው ቀን ማጠብ ቻለ። የብርሃን ስሜቱም ከፍተኛ በመሆኑ ፎቶ ለማንሳት ብዙ ሰኮንዶች መጠበቅ ቀረ። ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ጠበቃውና ባለሱቁ ፎቶግራፍን ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያዘወትሩት መዝናኛ ማድረግ የቻሉት ከዚህ በኋላ ነው። በ1884 ደግሞ «አማተር ፎቶግራፈር» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ለእነዚሁ ሰዎች መታተም ጀመረ።

ሁለተኛው ሁኔታ የዕረፍት ጊዜ ነው። የ1850ው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ ደነገገ፤ የቅዳሜ ግማሽ ቀን ዕረፍት ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ሥራዎችና ወደ ቢሮዎችም ተዛመተ። በ1871 የወጣው ሕግ ደግሞ ባንኮች የሚዘጉባቸውን ተጨማሪ የበዓል ቀናት ሰጠ፤ ከእነዚህም አንዱ በነሐሴ መጀመሪያ፣ በበጋው እኩሌታ ላይ የሚውል ነበር።

ሦስተኛው መጓጓዣ ነው። ቶማስ ኩክ ሐምሌ 5 ቀን 1841 ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ 500 ያህል ሰዎችን በአንድ ሺሊንግ ደርሶ መልስ በባቡር ከወሰደ ወዲህ የአንድ ቀን የቡድን ጉዞ እየተለመደ ሄዶ ነበር። የባቡር ሐዲዱ ከትልልቆቹ ከተሞች አልፎ ወደ ገጠር ከተሞች ሲዘረጋ፣ ጠዋት ቢሮው ያረፈደ ሰው ከሰዓት በኋላ ሌላ ከተማ መድረስ ቻለ። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ የሁለቱ ጎማዎቹ መጠን ተቀራራቢ የሆነውንና በሰንሰለት የሚነዳውን «ሮቨር» ብስክሌት አወጣ፤ በ1888 ደግሞ ጆን ደንሎፕ በአየር የሚሞላውን ጎማ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ባቡር የማይደርስባቸው መንደሮችም ለፎቶግራፍ አንሺው ቅርብ ሆኑ። ካሜራ ሠሪዎችም ከብስክሌት ጋር ሊታሠሩ የሚችሉ ተጣጣፊ ካሜራዎችን ለገበያ አቀረቡ።

የማኅበራቱ ዓመት ለሁለት የተከፈለ ነበር። ክረምቱ የቤት ውስጥ ወቅት ነው፤ አባላቱ ማታ ማታ ተሰብስበው ስለ ኬሚካልና ስለ ሌንስ ትምህርት ይሰማሉ፣ ፎቶዎቻቸውንም በፕሮጀክተር ፋኖስ ግድግዳ ላይ እያዩ ይተቻቻሉ። በጋው የጉዞ ወቅት ነው። የማኅበሩ ኮሚቴ የሚኬድባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ መርጦ የጉዞ ፕሮግራም ያወጣል፤ ለየጉዞው መሪ ይሾማል። መሪው የባቡሩን ሰዓት ያጣራል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የባላባት ግቢ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሻይ የሚጠጣበትንም ቤት ያዘጋጃል።

የተጓዡ ዝግጅት የሚጀምረው ዓርብ ማታ ነበር። አማተሩ በጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት መስታወቶቹን ከካርቶናቸው እያወጣ በእንጨት ማቀፊያዎች ውስጥ ይከታል። አንዱ ማቀፊያ በግራና በቀኝ ሁለት መስታወት ይይዛል፤ ሦስት ማቀፊያ የያዘ ሰው እንግዲህ ስድስት ፎቶ ብቻ ማንሳት ይችላል ማለት ነው። በማግስቱ ከተማው እንደ ደረሰ ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን ይተክላል፣ ካሜራውን ያስራል፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከኋላ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ምስል ያስተካክላል። ከዚያ ማቀፊያውን አስገብቶ ክዳኑን ይስባል፣ ሌንሱንም ይከፍታል። የመስታወቱ ቁጥር ትንሽ በመሆኑ ፎቶ አንሺው ቦታውን ዞሮ አይቶ፣ ብርሃኑን ጠብቆ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተማክሮ ነው የሚያነሳው። ልምድ ያለው አባል ጀማሪውን የሚያስተምረው በዚሁ ጊዜ ነበር። ማኅበራቱ ሴቶችንም በአባልነት ይቀበሉ ስለነበር ከተጓዦቹ መካከል ሴት ፎቶግራፍ አንሺዎች ይገኙ ነበር።

የዎሪክሽር አውራጃ ለዚህ ልማድ ምቹ ምሳሌ ነው። በርሚንግሃም በብረታ ብረት ሥራ የታወቀች፣ ጭስና ጩኸት የበዛባት ትልቅ የኢንዱስትሪ ከተማ ነበረች። በባቡር ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ግን የዎሪክ ከተማና ግንቧ፣ የፈረሰው የኬኒልወርዝ ግንብ፣ ሼክስፒር የተወለደባት ስትራትፎርድ፣ በአንድ ረጅም ጎዳና ግራና ቀኝ የተሰለፉ አሮጌ ቤቶች ያሏት ሄንሊ-ኢን-አርደን ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች አፅማቸው ወፍራም የኦክ እንጨት ሲሆን፣ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እንደ አበሻ ጭቃ ቤት በተጠላለፈ ጭራሮና በጭቃ የተሞላ ነው። ከጣሪያቸው ክብደትና ከዕድሜያቸው የተነሳ የጎበጡና ወደ መንገዱ ያዘነበሉ ቤቶች ለፎቶግራፍ አንሺ ዓይን የሚማርኩ ናቸው። በዚያው ልክ ግን የቀድሞው ቤት እየፈረሰ በጡብ ሕንፃ የሚተካበት ዘመን ነበር፤ በአንዱ በጋ ፎቶው የተነሳ ቤት በሚቀጥለው በጋ ላይገኝ ይችል ነበር።

ይህን አስተውሎ ጉዞውን ወደ ሥርዓት ያለው ሥራ የለወጠው ዊልያም ጀሮም ሃሪሰን ነው። ሃሪሰን በርሚንግሃም ውስጥ የሳይንስ መምህርና የሥነ ምድር ተመራማሪ ሲሆን የፎቶግራፍን ታሪክም ጽፏል። በ1889 ለበርሚንግሃም የፎቶግራፍ ማኅበር ባቀረበው ሐሳብ፣ አባላቱ ወትሮም ወደ ገጠር መውጣታቸው ካልቀረ ጉዞው በዕቅድ ይመራና የዎሪክሽር አውራጃ በሙሉ በፎቶግራፍ ይመዝገብ አለ። የሥነ ምድር ባለሙያ አገርን በካርታ ከፋፍሎ እንደሚያጠና ሁሉ፣ አውራጃው በመንግሥት የካርታ ሉሆች ተከፋፍሎ ለአባላት እንዲደለደል ሐሳብ አቀረበ። አብያተ ክርስቲያናት፣ ቤቶች፣ ድልድዮች፣ መንገዶች፣ የሥራ ዓይነቶችና የሕዝቡ ልማዶች ሁሉ እንዲመዘገቡ ታሰበ።

ሐሳቡ በተግባር ሲውል ሥራው ጥብቅ ደንብ ነበረው። ፎቶው በኔጋቲቩ (ምስሉ ባረፈበት መስታወት) ላይ ምንም ሳይቀባና ሳይፋቅ እንዳለ እንዲታተም ይጠየቃል። ለኅትመቱም ቶሎ የማይደበዝዘው የፕላቲነም ወይም የካርቦን ዘዴ ይመረጣል፤ በዘመኑ የተለመደው የብር ኅትመት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢጫ እየሆነ ይበላሽ ነበርና። ፎቶው በወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፎ የቦታው ስም፣ የተነሳበት ቀንና የአንሺው ስም ይጻፍበታል። ለውበት ሲባል የሚነሳ ፎቶ እነዚህ ሁሉ አያስፈልጉትም፤ ለመጪው ትውልድ ማስረጃ እንዲሆን የሚነሳ ፎቶ ግን ያለ ቀንና ያለ ቦታ ስም ዋጋው ይቀንሳል። ሃሪሰንና ጓደኞቹ ይህን በሚገባ ተረድተው ነበር።

የዎሪክሽሩን ሥራ ወደ አገር አቀፍ ደረጃ ያሸጋገረው ሰር ቤንጃሚን ስቶን ነው። ስቶን በ1838 በርሚንግሃም ተወልዶ በመስታወት ፋብሪካ የበለጸገ፣ ከ1895 ጀምሮም የፓርላማ አባል የነበረ ሰው ነው። በ1897 ብሔራዊ የፎቶግራፍ መዝገብ ማኅበርን አቋቋመ፤ ማኅበሩ የሰበሰባቸውን ፎቶዎች በብሪቲሽ ሙዚየም ያስቀምጥ ነበር። ስቶን ከሕንፃ ይልቅ ለሕዝብ በዓላትና ለአሮጌ ልማዶች ልዩ ትኩረት ሰጠ።

ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ በስታፈርድሽር አውራጃ በምትገኘው በአቦትስ ብሮምሊ መንደር የሚከበረውን የቀንድ ጭፈራ የሚያሳይ ነው። ጭፈራው በየዓመቱ በመስከረም አንድ ሰኞ ቀን ይካሄዳል። ስድስት ሰዎች ከእንጨት በተቀረጸ ራስ ላይ የተሰካ ትልቅ የአጋዘን ቀንድ ይሸከማሉ፤ ከእነሱ ጋር ሞኝ ሆኖ የሚጫወት፣ የፈረስ ቅርጽ የያዘ፣ ቀስት የያዘ፣ እንዲሁም የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ አብረው ከሙዚቀኛ ጋር ከእርሻ ቤት እርሻ ቤት ሲዞሩ ይውላሉ። ቀንዶቹ ዓመቱን ሙሉ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ይቀመጣሉ፤ በኋላ ዘመን በተደረገ የካርቦን ምርመራም ዕድሜያቸው ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። በስቶን ፎቶ ላይ ተጨዋቾቹ ከነቀንዳቸው ከካሜራው ፊት ቆመዋል። አለባበሳቸውን፣ የቀንዱን አያያዝና የተሳታፊዎቹን ቁጥር ከዛሬው ጭፈራ ጋር ማነጻጸር የሚቻለው እንዲህ ባለው ፎቶ ምክንያት ነው።

መዝገቡ ጉድለትም ነበረበት። አባላቱ አብዛኛዎቹ የመካከለኛው መደብ ሰዎች ስለነበሩ ዓይናቸው የሚያርፈው በአሮጌውና በውቡ ላይ ነበር። በከተማቸው ያለው የፋብሪካ ሠፈርና የድሃው ሠራተኛ ጎጆ ለብዙዎቹ ለታሪክ የሚበቃ አልመሰላቸውም። በዚህም የተነሳ የመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን በር በደርዘን ተነስቶ ሳለ የሠራተኛው የዕለት ኑሮ በእነዚህ ስብስቦች ውስጥ ትንሽ ቦታ ነው የያዘው።

የልማዱ መልክ መለወጥ የጀመረው ካሜራው ከዚህም በላይ ሲቀል ነው። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 በአሜሪካ ያወጣው ኮዳክ ካሜራ 100 ፎቶ የሚያነሳ ጥቅል ፊልም ይዞ ይሸጥ ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው ራሱ ወደ ፋብሪካው ተልኮ ፎቶዎቹ ታጥበውና አዲስ ፊልም ገብቶለት ይመለሳል። በ1900 የወጣው ብራውኒ ደግሞ በአሜሪካ በአንድ ዶላር፣ በእንግሊዝ በአምስት ሺሊንግ ይሸጥ ስለነበር ልጆችም ገዙት። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ለማንሳት ማኅበር መግባትም ሆነ ኬሚካል መማር አላስፈለገም። የበጋው ጉዞ በቤተሰብና በጓደኛ የሚደረግ ሆነ፤ ፎቶውም ከሕንፃው ይልቅ ከሕንፃው ፊት የቆሙትን ሰዎች የሚያሳይ የአልበም ፎቶ ሆነ።

የስቶን ብሔራዊ ማኅበር በ1910 ሥራውን ሲያቆም ኃላፊነቱን ለየአካባቢው ማኅበራትና ቤተ መጻሕፍት ተወ። በ1902 የተጀመረው የሰሪ አውራጃ የፎቶግራፍ ምዝገባ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ መሥራቾቹ ያካበቱትን ልምድ በ1916 «ካሜራው እንደ ታሪክ ጸሐፊ» የሚል ርዕስ ባለው መጽሐፍ አሳትመዋል። መጽሐፉ ሲወጣ ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት በመካሄድ ላይ ነበር፤ ወጣቶቹ አባላት ዘምተዋል፣ ወታደራዊ ሥፍራዎችን ፎቶ ማንሳትም በሕግ ተከልክሏል። ከጦርነቱ በኋላ ማኅበራቱ ጉዟቸውን ቢቀጥሉም የቀድሞው የምዝገባ መንፈስ በዚያ ስፋት አልተመለሰም።

የሥራው ዋጋ በግልጽ የታየው ከአንድ ትውልድ በኋላ ነው። ኮቨንትሪ በዎሪክሽር ውስጥ የመካከለኛው ዘመን ቤቶች በብዛት ከቀሩባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በ1936 ከጠባብ ጎዳናዎቿ አንዱ የሆነው ቡቸር ሮው ለአዲስ መንገድ ሲባል ፈረሰ። ኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት ደግሞ የጀርመን አውሮፕላኖች የከተማዋን መሐል በቦምብ አጋዩት፤ የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራልም ተቃጥሎ ግድግዳውና ማማው ብቻ ቀረ። የቀድሞዋን ከተማ መልክ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ከዚያ በፊት የተነሱትን ፎቶግራፎች ማየት ግድ ሆነበት።

ዛሬ የዎሪክሽር ምዝገባ ፎቶዎችና ከ20,000 በላይ የሚሆኑት የስቶን ፎቶግራፎች በበርሚንግሃም ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የብሔራዊው ማኅበር ስብስብም ከብሪቲሽ ሙዚየም ወደ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተዛውሯል። የሕንፃ ጠጋኞች የአንድን ቤት የቀድሞ መስኮት ቅርጽ፣ የአካባቢ ታሪክ አጥኚዎችም የጠፋ ጎዳናን መልክ ከእነዚህ ስብስቦች ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ የተገኘው ደመወዝ ካልተከፈላቸው፣ ቅዳሜያቸውን ከጓደኞቻቸው ጋር ባሳለፉ ሰዎች እጅ ነው። ጉዟቸው ታሪክ ሊሆን የበቃበት ምክንያትም ካርቶኑ ላይ ቀኑንና ቦታውን ጽፈው፣ ፎቶውን ሌሎች ሊያዩት በሚችሉበት የሕዝብ ቤት ማኖራቸው ነው።