ዜሮ እና ባዶ

ባለፈው ክረምት ከሥራ ሰዓት ውጪ አንድ ትንሽ ነገር መሥራት ጀመርኩ፦ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የየዓመቱን ሰንጠረዥ የሚይዝ ዳታቤዝ። ሁሉም ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ 2013 ላይ ስደርስ ኮዱ ቆመ። የ16 ክለቦች ውጤት ጠብቆ ያገኘው የ13 ብቻ ነው። ደክሞኝ ስለነበር በመቐለ 70 እንደርታ፣ በስሑል ሽረ እና በወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ፊት ዜሮ ሞላሁና ተኛሁ።

ጠዋት ስከፍተው ሦስቱን ክለቦች ከ13ኛው በታች ደርድሯቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ሻምፒዮን የነበረውን መቐለን ጨምሮ!

በኳስ ቋንቋችን ዜሮና ባዶ አንድ ናቸው፤ «ሁለት ለባዶ» ስንል ሁለት ለዜሮ ማለታችን ነው። ለዳታቤዝ ግን ይለያያሉ። ዜሮ፣ ተጫውቶ ነጥብ ያላገኘ ነው። ባዶ፣ ጨርሶ ያልተጫወተ። የ2013 ታሪክ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ2011 መቐለ በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሳ። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም ወራጅም አልነበረም። ስለዚህ 2013 ሲገባ የመጨረሻው ሻምፒዮን አሁንም መቐለ ነበር። ጥቅምት 24 ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ተጀመረ። ታኅሣሥ ላይ ሊጉ ሲከፈት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች አልነበሩም።

ለሌሎቻችን ግን ያ ዓመት ድግስ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ። ክለቦቹ በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም አንድ ላይ በአዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተዘዋወሩ። ፋሲል ከነማ በሥዩም ከበደ አሰልጣኝነት የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ወሰደ። የእኔ ክለብ ኢትዮጵያ ቡና ሁለተኛ ወጣ፤ አቡበከር ናስር ደግሞ 29 ጎል አስቆጥሮ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ያስመዘገበውን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። 20 ዓመት የቆየ ክብረ ወሰን እኮ ነው!

ያኔ ዶርም ለተጋራኝ የመቐለ ልጅ ቴሌግራም ላይ ጻፍኩለት። በ2011 ሲጨፍርብኝ ስለከረመ ብድሬን ልመልስ ብዬ ነው። መልእክቱ እንዳልተነበበ ቀረ። ትግራይ ውስጥ ኢንተርኔት ተዘግቷል። አውቅ ነበር፤ በጎሉ ደስታ ረስቼው ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 16 ክለቦች ደርሶ መልስ ሲጫወቱ 240 ጨዋታ ይወጣል፤ 13 ሲሆኑ 156። 84 ጨዋታ ጎደለ ማለት ነው። ከነዚህ 6ቱ የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ ሊያደርጓቸው ይችሉ የነበሩ ናቸው። 13 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያርፋል። የጨዋታ መርሐ ግብር የሚያወጣ ኮድ የጻፈ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል፦ አንድ የሌለ ክለብ ትጨምራላችሁ፤ ከእሱ ጋር የተደለደለው ያርፋል። ያን ዓመት በየሳምንቱ አንድ ክለብ ከሌለ ክለብ ጋር ተደልድሎ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ የሦስቱ ቦታ አሁንም ክፍት ስለነበር ሐዋሳ ላይ የማሟያ ውድድር ተደረገ። ግርጌ ላይ የጨረሱት አዳማ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ጅማ አባ ጅፋር በዚያ በኩል ሊጉ ውስጥ ቆዩ። ሜዳ ላይ ተጫውተው ያገኙት ነው፤ ማንም አይወቅሳቸውም። ወንበሩ የማን እንደነበር ግን ሰንጠረዡ አይናገርም። ሦስቱ የትግራይ ክለቦች በአንድነት በሊጉ የታዩት በ2017 ነው።

ጓደኛዬ የመለሰልኝ በ2015፣ ከሰላም ስምምነቱ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ሁላቸውም ደህና እንደሆኑ ጻፈ። ቀጥሎ፦ «29ኙን አየሁት። እኛ ላይ ግን አንድም አላገባም።»

እነዚያን ሦስት ዜሮዎች ሳይ ትዝ ያለኝ ይህ መልስ ነው። አጠፋኋቸው። አሁን በቦታቸው ሰረዝ አለ፤ ሲነኩት «አልተጫወቱም፤ ጦርነት ነበር» ይላል።