የሰብሳቢው የእግር ዋጋ

በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ሠራተኛ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እጅግ የሚፈራው ነገር ነበረ፤ ይኸውም በሕዝብ ወጪ የድኃ ቀብር መቀበር ነው። በ1832 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በወጣው ሕግ፥ ወገን ያልጠየቀው የድኃ ሬሳ ለሕክምና ተማሪዎች መማሪያ ሊሰጥ ይችል ነበርና፥ ብዙ ቤተ ሰብ ከዕለት እንጀራው ቀንሶ ለቀብሩ ገንዘብ ያስቀምጥ ነበረ።

ይህንንም ፍርሃት ተመልክቶ የፕሩደንሺያል ኩባንያ በ1854 ለሠራተኞች የሕይወት መድን መሸጥ ዠመረ። ሰብሳቢው በየሳምንቱ እየዞረ ደጅ ያንኳኳል፤ የቤቲቱ እመቤት አንድ ወይም ሁለት ፔኒ ትሰጠዋለች፤ እርሱም በደብተሯ ጽፎላት ወደ ጎረቤት ያልፋል። ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ፤ በአንዱ መንደር የልዩ ልዩ ኩባንያ ሰብሳቢዎች እየተላለፉ ይመላለሱ ነበር፤ የሁሉም ደመወዝ የሚወጣው ከዚያችው ከፔኒዋ ነው። ሥራ ፈትቶ መክፈል ያቃተው ብዙ ሰው ውሉ ፈርሶበት፥ የከፈለው ሁሉ ቀርቶበታል።

የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስቶን በ1864 ሕግ አውጥቶ፥ ፖስታ ቤት ለሠራተኛው መድን እንዲሸጥ አደረገ። ዋሱ መንግሥት ነው፤ ትርፍ የሚጠይቅ ባለ አክሲዮን የለም፤ የሚዞር ሰብሳቢም የለም። ስለዚህ ወጪው ትንሽ ነበረ። ነገር ግን ገዢው እጅግ ጥቂት ሆነ። በመዠመሪያ ትንሹ ውል 20 ፓውንድ ስለ ነበረ ለቀብሩ ብቻ ለሚያስብ ሰው በዛ፤ ዋናው ምክንያት ግን ደጅ የሚያንኳኳ ሰው አለመኖሩ ነው። በ1928 ፖስታ ቤቱ አዲስ ውል መቀበሉን ተወ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የኩባንያው ወጪ ሁሉ ዘረፋ ነበር ማለት አይገባም። ድኃው ከመድኑ ጋራ የሚያስታውሰውንም ሰው ገዝቷል። የተጠየቀው ዋጋ ግን ከልክ ያለፈ ነው።

ደጅ ሳያንኳኩ መሰብሰብ የሚቻልበትን መንገድ ጀርመኖች ለሕመም መድን በ1883 አሳይተው ነበር፤ ይኸውም አሠሪው ከደመወዝ ላይ ቀንሶ እንዲከፍል ማስገደድ ነው። ሎይድ ጆርጅም በ1911 ሕጉ ይህንኑ ተከተለ፤ አሠሪው ከወንድ ሠራተኛ 4 ፔኒ ይቀንሳል፥ ከራሱ 3 ፔኒ ይጨምራል፥ በካርዱም ላይ ቴምብር ይለጥፋል። ነገር ግን እነዚያ በየቤቱ የሚገቡት ሰብሳቢዎች የፖለቲካ ኀይልም ነበሩ። ኩባንያዎቹ በብርቱ ስለ ተከራከሩ የመበለቶች ጡረታ ከረቂቁ ወጣ፤ የቀብሩም ንግድ እንደ ቀድሞው በእጃቸው ቀረ።

ዊልያም ቤቨሪጅ በ1942 ባወጣው ዘገባ፥ ሠራተኛው ለነዚህ ኩባንያዎች ከሚከፍለው ከአንዱ ፓውንድ፥ ማለት ከ20 ሽልንግ፥ 7 ሽልንግ ተኩል ያህሉ ለአስተዳደር ወጪ እንደሚውል ገለጸ። ስለዚህ ሁለት ነገር አሳሰበ፤ አንደኛው የቀብር ገንዘብ ለሁሉ በመንግሥት መድን እንዲሰጥ፥ ሁለተኛው የኩባንያዎቹ የሠራተኛ መድን የሕዝብ አገልግሎት እንዲሆን ነው። ሁለተኛው አልተፈጸመም፤ ሰብሳቢዎቹም መዞራቸውን ቀጠሉ። የመዠመሪያው ግን በ1949 ሥራ ላይ ዋለ፤ ለቀብር 20 ፓውንድ ይከፈል ዠመር። በ1967 ገንዘቡ 30 ፓውንድ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮ ሲወደድ ምንም ሳይጨመርበት ኖሮ በ1987 ተሰረዘ።