ከመባው በፊት

የዕለቱ ንባብ፦ ማቴዎስ 5፥21-26

ከብቸናም ከሞጣም ብዙ ሳይርቅ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም የሚባል ጥንታዊ ገዳም አለ። የአገሩ ትውፊት ክርስትና ከመግባቱ በፊት በዚያ መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብ እንደነበር ይናገራል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም ዛሬ ድረስ ይታያል።

መሥዋዕት እንግዲህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ግን መሥዋዕት ሁሉን በደል ይሸፍናል? የአይሁድ መምህራን በ200 ዓ.ም. ገደማ በተጠናቀረው ሚሽና ግልጽ መልስ ሰጥተዋል፦ ሰው እግዚአብሔርን የበደለውን የማስተስረያ ቀን ያስተሰርይለታል፤ ባልንጀራውን የበደለውን ግን ከባልንጀራው ጋር እስኪታረቅ ድረስ አያስተሰርይለትም።

ጌታችን ኢየሱስም ከዚያ አስቀድሞ፣ ቤተ መቅደሱ ገና ቆሞ ሳለ፣ መባውን ይዞ መሠዊያው ዘንድ የደረሰውን ሰው ወደ ወንድሙ መለሰው። ልብ እንበል፤ የተቀየመው እስኪመጣ ጠብቅ አላለውም። ሂድ አለው እንጂ።

ወገኖች፣ ስርየታችን በክርስቶስ ደም አንድ ጊዜ ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ የጎረቤትን ድንበር ገፍተን፣ የሠራተኛን ደመወዝ ይዘን፣ በሐሜት የሰው ስም አጥፍተን፣ “ጌታ ይቅር ብሎኛል” ብለን ብቻ ማለፍ አንችልም። ድንበሩ ይመለስ፤ ደመወዙ ይከፈል፤ ሐሜታችንን በሰሙት ሰዎች ፊት ስሙን እናድስ። ጠባያችን የሚታነጸው እንዲህ ባለው እርምጃ ነው።

እሑድ መባችንን ይዘን ከመምጣታችን በፊት የበደልነውን አንድ ሰው በጸሎት እናስብ፤ ከዚያም ተነሥተን ወደ እርሱ እንሂድ። ጌታ አቅም ይስጠን። አሜን።