የፕሩሲያ ነገሥታት የሊቃውንት ኒሻን

ዳግማዊ ፍሬድሪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1740 ዓ.ም. በፕሩሲያ ዙፋን እንደ ተቀመጠ አያቱ ያቆመውን ኒሻን ሽሮ በምትኩ «ፑር ለ ሜሪት» (ስለ ሙያ) የተባለውን የክብር ኒሻን በመሠረተ ጊዜ፣ ክብሩ ለጦር አለቆች ብቻ ሳይሆን እንደ ቮልቴር ላሉ የብዕር ሰዎችም ይደርስ ነበር። ዳሩ ግን ናፖሊዮን አገሪቱን ካደቀቃት በኋላ ሣልሳዊ ፍሬድሪክ ዊልሄልም በ1810 ኒሻኑ ለጦር ሜዳ ጀብዱ ብቻ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ሊቃውንቱ ከማዕርጉ ተገለሉ።

ይህን ጉድለት ያረመው ልጁ ራብዓዊ ፍሬድሪክ ዊልሄልም ነው። በ1842 ለዕውቀትና ለኪነ ጥበብ የተለየ መደብ አቁሞ፣ አረጋዊውን ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትን የማኅበሩ የመጀመሪያ ካንስለር አደረገው። አዲሱ ኒሻን የጦረኞቹን ሰማያዊ መስቀል አልመሰለም፤ ክብ ሆኖ፣ በመካከሉ የፕሩሲያ ንስር፣ በዙሪያው ዘውድ የደፉ የዳግማዊ ፍሬድሪክ የስም ፊደላት፣ በሰማያዊው ቀለበት ላይም ሦስቱ የፈረንሳይኛ ቃላት በወርቅ ተጽፈውበት፣ ጠርዙ ነጭ በሆነ ጥቁር ጥብጣብ በአንገት ይታሰራል።

በእኔ አስተያየት ግን የንጉሡ ታላቅ ሥራ ከወርቁ ይልቅ በደንቡ ውስጥ ይገኛል። የጀርመን አባላት ቍጥር ከ30 እንዳያልፍ ወስኖ፣ አንዱ በሞት ሲለይ ተተኪውን ባልንጀሮቹ በድምፅ እንዲመርጡ፣ ንጉሡም ምርጫቸውን እንዲያጸድቅ አዘዘ፤ በዚህም የሒሳቡ ሊቅ ጋውስና የዜማው ሊቅ ሜንደልስዞን የገቡበት ደጅ ለባለሟልነትና ለዘር ሐረግ ጠባብ ሆነ። በ1918 የፕሩሲያ የመጨረሻው ንጉሥ ከዙፋኑ ሲወርድ የጦረኞቹ ኒሻን አብሮ ሲቀር፣ ራሱን በራሱ መምረጥ የለመደው የሊቃውንቱ ማኅበር ግን ያለ ንጉሥ ቆሞ በ1924 ነጻ ማኅበር ተብሎ ታወቀ።

የከፋው ፈተና የመጣው ከናዚዎች ነው። በ1923 የተመረጠው አይንስታይን በ1933 ማኅበሩን ለቀቀ፤ አዲስ ምርጫም ስለ ተከለከለ፣ አባላቱ አንድ በአንድ እያለፉ ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። በ1952 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሆይስ ማኅበሩን ሲያስነሣ በሕይወት ከተገኙት እጅግ ጥቂት አባላት አንዱ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ስሙ ባዕድ ያልሆነው ኤኖ ሊትማን ነበር፤ በ1906 የጀርመንን የአክሱም ጉዞ መርቶ ሐውልቶቹን ከባልንጀሮቹ ጋር ያስለካ፣ የንጉሥ ዒዛናን የድንጋይ ጽሑፎች ገልብጦ ያሳተመ፣ ግዕዝንና ትግረን ጠንቅቆ ያጠና ሊቅ ነው። የሁምቦልትንም ወንበር የተረከበው እርሱ ሆነ።